የልጅ ጸሎትና የሞያተኛ ጸሎት

በጎጃም ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የሚኖር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ክምችት ካያችሁ ከመካከሉ ጉልላት አይጠፋም። መንገደኛውም ነጠላውን አስተካክሎ፣ አማትቦ፣ ከቅጥሩ በር ላይ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ከሚሳለመው ሰው ብዙው ቆሞ አይለምንም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ «እኔ ምን ብቃት አለኝና? እናንተ ጸልዩልኝ እንጂ የኔን ጸሎት ማን ይሰማዋል?»

አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ከፊሉም በእርግጥ ትሕትና ነው። ሌላው ክፍል ግን ሰውን ከአባቱ ፊት የሚያርቅ ነው። ልዩነቱን ለማየት የጠፋውን ልጅ ታሪክ ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ሉቃስ 15 ላይ ልጁ በርኃብ አገር ሳለ ለአባቱ የሚለውን ያዘጋጃል። ቁጥር 18 እና 19 ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሦስት ነገር አለው፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ሞያተኛ ማለት እዚህ ላይ በደሞዝ የሚያገለግል ቅጥር ሠራተኛ ነው። ቁጥር 21 ላይ አባቱ ፊት ሲቆም ግን የተናገረው ሁለቱን ብቻ ነው። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚለው ከአፉ አልወጣም። አባቱ ቀድሞ አቅፎ ስሞት ነበር፤ ወዲያው ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ጫማ አምጡ አለ። ልጁ ኃጢአቱን መናዘዙ ተቀባይነት አገኘ። በሞያተኝነት ልኑር ማለቱ ግን የሚነገርበት ቦታ እንኳ አላገኘም።

«በድያለሁ» ብሎ መቅረብ ያስፈልጋል። «ስለ በደልኩ ከዚህ በኋላ ልጅ አይደለሁም፤ ደሞዜን ብቻ ስጠኝ» ብሎ መቅረብ ግን አባትነቱን መካድ ነው። አብዛኛው የተጎሳቆለ ጸሎት የሚጎሳቆለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ጾም ሲጠብቅ፣ ስግደት ሲያበዛ ደሞዝ የደረሰው ይመስለውና ቀና ብሎ ይለምናል፤ ሳምንቱ ከተበላሸ ደግሞ ደሞዙ የተቆረጠበት ይመስለውና አፉን ይዘጋል። ሁለቱም የሞያተኛ ጸሎት ናቸው።

ልጅነቱ ከየት መጣ? እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ማዕተቡ አንገት ላይ ይታሰራል። ያን ቀን ሕፃኑ ምንም አልሠራም፤ አልጾመም፣ አልሰገደም፣ አልመጸወተም። ልጅነቱን ግን ተቀብሏል። እንግዲህ ከምንም ሥራ በፊት የተሰጠን ነገር በሥራ ጉድለት ብቻ እንዳልተሰጠ አድርጎ መቁጠር ልክ አይደለም። ኃጢአት ልጅን ከቤት ያርቀዋል፤ መንገዱ ደግሞ ንስሐ ነው፤ ተመልሶ የሚቆመው ግን እንደ ልጅ ነው።

ሐዋርያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ዕብራውያን 4፥15 ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ፣ በድካማችን የሚራራልን ሊቀ ካህናት እንዳለን ይናገራል። ወዲያው ቁጥር 16 ላይ «እንግዲህ ምሕረትን እንድንቀበል በሚያስፈልገንም ጊዜ የሚረዳንን ጸጋ እንድናገኝ ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ይላል። «እንግዲህ» ያለው ስለ እኛ ጥንካሬ ተናግሮ አይደለም፤ ስለ እርሱ ርኅራኄ ተናግሮ ነው። ደግሞም የሚሰጠው ነገር ምሕረት ነው። ምሕረት የሚያስፈልገው ለበደለ ሰው ነው። «ስነጻ እቀርባለሁ» የሚል ሰው ዙፋኑ ለምን የጸጋ ዙፋን እንደተባለ ልብ አላለም።

መፍራትስ? መፍራት ይቀራል ማለት አይደለም። ዳዊት መዝሙር 5፥7 ላይ ሁለቱንም በአንድ አረፍተ ነገር ይዟቸዋል፦ «እኔ ግን በምሕረትህ ብዛት ወደ ቤትህ እገባለሁ፤ አንተን በመፍራት ወደ ቅድስናህ መቅደስ እሰግዳለሁ።» መግባቱ በምሕረት ብዛት፣ መስገዱ በፍርሃት። መስገድ የሚችለው ደግሞ የገባ ሰው ነው። ቅዳሴያችን ይህን በአካል ያስተምረናል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ይመልሳል። ተነሡ የተባለው ሕዝብ የሚመልሰው ማረን ብሎ ነው፤ የሚለው ግን ቆሞ ነው። ቆይቶ ደግሞ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያን አቀርቅሮ ጥግ የያዘውን ሁሉ አስነሥታ ቀና ብለህ እይ የምትለው በየቅዳሴው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማላጅነት አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። እመቤታችንንና ቅዱሳንን መለመን የእምነታችን አካል ነው፤ ማንም ሊቀንሰው አይገባም። አንዳንዱ ሰው ግን አማላጅ ጠርቶ ራሱ ከመጸለይ ይቀራል፤ እንዲህ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ። በቃና ዘገሊላ እመቤታችን የወይኑን ማለቅ ለልጇ ከነገረች በኋላ ለአገልጋዮቹ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» አለቻቸው፤ ወደ እርሱ መራቻቸው እንጂ ተቀመጡ አላለቻቸውም። ስለዚህ በ21 ማርያምን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ23 ጊዮርጊስን ስትዘክሩ «ለምኑልኝ» ካላችሁ በኋላ «አባታችን ሆይ» ብላችሁ ራሳችሁም ቁሙ።

ከጸሎት የማይከለክሉ ነገሮች

ብዙ ሰው የቅዱስ ቁርባንን ሥርዓት ለጸሎት ያውለዋል። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ለመጸለይ ግን አያስፈልግም። ቁርስ የበላ ሰው በ3 ሰዓትም በ6 ሰዓትም መጸለይ ይችላል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ከዚህ ተነሥተው ግን በቤታቸውም አፋቸውን የሚዘጉ እናቶችና እኅቶች አሉ። አራስም እንዲሁ፤ ወንድ ወልዳ 40 ቀን፣ ሴት ወልዳ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከጸሎት ርቃ ከቆየች ግን በጣም በሚያስፈልጋት ወቅት ያለ ስንቅ ቀረች ማለት ነው። ከአልጋዋ ላይ ሆና አቡነ ዘበሰማያት ማለት፣ ሕፃኑን አማትባ ማስተኛት፣ በልቧ መለመን ማንም አልከለከላትም።

ግእዝ አለማወቅም አይከለክልም። ጎጃም የዲማና የዋሸራ አገር፣ የቅኔ አገር ነው፤ ከንባብ ቤት ያለፈ ሰው በየመንደሩ አለ። ይህ ክብር ያልተማረውን ሲያሳፍረው ይታያል። የጸሎት መጻሕፍቱ በአማርኛም ተተርጉመው ይገኛሉ። ማንበብ የማይችል ሰውም አባታችን ሆይን በቃሉ ይዞ፣ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብሎ፣ የቀረውን በራሱ አፍ ሊናገር ይችላል። ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ነበር። የሰማት ግን ሰምቷታል፤ ሳሙኤልን ሰጥቷታል።

የሚከለክሉት

እዚህ ላይ ግን ማለባበስ አይቻልም። መዝሙር 65፥18 «በልቤስ በደልን አይቼ ብሆን ጌታ አይሰማኝም ነበር» ይላል። የሚከለክለው የታወቀና እንዳለ ሊቀጥል የተፈለገ በደል ነው። የወደቀ ሰው ሁሉ አይከለከልም፤ ወድቆ መነሣት ያልፈለገው ግን የሚለምንበትን አፍ ራሱ ይዘጋል።

አንደኛው ቂም ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ያልሰማ የለም፤ ሳሉ ሌባውን እንደሚያጋልጠው ቂሙም ጸላዩን ያጋልጠዋል። ጌታም ማርቆስ 11፥25 ላይ ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ብሏል። «በቆማችሁ ጊዜ» ነው ያለው፤ እዚያው ላይ ቆሞ ይቅር ማለት ይቻላል። ማቴዎስ 5፥23-24 ደግሞ ሌላውን ወገን ይነግረናል፤ ወንድምህ በአንተ ላይ ያለውን ነገር ካሰብህ መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ ከዚያ ተመለስ። እንግዲህ የበደሉኝን እዚያው ይቅር እላለሁ፤ የበደልኩትን ግን ሄጄ ማግኘት አለብኝ። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል፤ የበደላቸው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ የበደሉትን ደግሞ በጸሎት ብቻ ለመጨረስ ይሞክራሉ።

በገጠሩ ይህ ብዙ ጊዜ የመሬት ነገር ነው። ወሰን ገፍቶ አንድ ትልም የጨመረ ሰው ዳዊት ቢደግም፣ ስግደት ቢያበዛ፣ ትልሙ እዚያው እስካለ ድረስ ጸሎቱን ያንቀዋል። መድኃኒቱ መመለስ ነው። በምስጢር የተገፋ ከሆነ በምስጢር መመለስ ይበቃል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ከሆነ ግን ሽማግሌ ይዞ ሄዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት ይሻላል። ደም ካለበት ያለ ሽማግሌና ያለ ካህን ብቻውን አይሂድ፤ የጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ነገር የራሱ ሥርዓት አለው፤ በጥድፊያ የተደረገ ዕርቅ ሌላ ደም ያመጣል። እስኪታረቅ ድረስ ግን ጸሎቱ አይቋረጥም፤ የመጀመሪያው ልመናው ዕርቁ ይሁን።

ሌላው የቤት ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ፣ እንዲያከብሯቸውም ያዝዝና ምክንያቱን ያስቀምጣል፦ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል። ማታ ሚስቱን ሰድቦ ወይም መትቶ ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ኪዳን የሚሄድ ሰው ይህን ቃል ማንበብ አለበት። ከቅጥሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ጓዳው ተመልሶ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለቀረው ሁሉ የንስሐ አባት አለ። የነፍስ አባት የሌለው ጎጃሜ ጥቂት ነው፤ በበዓል ቤት ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ ይመርቃሉ። ችግሩ ግንኙነቱ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ኑዛዜ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። በጅምላ ይነገራል፤ «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ይፍቱኝ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ለረሳነው እንጂ ለምናስታውሰው አይሆንም፤ ያስታወስነው በስሙ ነው የሚነገረው፣ ሰርቄአለሁ፣ በሐሰት መስክሬአለሁ፣ አመንዝሬአለሁ ተብሎ፣ አንድ ጊዜ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ልማድ ከሆነ ልማድ ነው ተብሎ። ሁለተኛ፣ የሰው ኃጢአት ይነገራል፤ ኑዛዜው «እሱ እንዲህ ቢለኝ» በሚል ይጀምርና ተናዛዡ ከሳሽ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛ፣ አፍሮ አንዱን ያስቀራል፤ ካህኑ ጎረቤት ስለሆኑ፣ ነገ ማኅበር ላይ ስለሚገናኙ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ካለ ደብቆ ከመቅረት የንስሐ አባቱን ፈቃድ ጠይቆ ራቅ ያለ ደብር ወይም ገዳም ያለ ካህን ማግኘት ይሻላል። ካህኑ የሚሰጡት ቀኖና፣ ጾም ቢሆን ስግደት ወይም ምጽዋት፣ በልክ የተሰጠ መድኃኒት ነው፤ ከታዘዘው መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም። «እግዚአብሔር ይፍታ» ከተባለ በኋላ ያንኑ ኃጢአት በየማታው እያወጡ መነጋገር ግን ፍትሐቱን አለማመን ነው። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው ይላል። የተፈታውን ተፈትቷል ብሎ መያዝ የእምነት ሥራ ነው።

በቤት እንዴት ይቆማል

ቦታው ቋሚ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ጥግ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሥዕለ አድኅኖ ካለ ከፊት። ጫማ ይወልቃል፣ ፊትና እጅ ይታጠባል፣ ነጠላ በትእምርተ መስቀል ይጣፋል። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ አጠገብ ካለ ድምፁ ቢዘጋም ዓይን ይስባል። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ሌሎቹ ሳይነሡ ቀድሞ መነሣት ነው እንጂ ቦታ የለኝም ማለት አያዋጣም።

ማማተብ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ነው። ወልደ እግዚአብሔር ከሰማይ መውረዱን፣ እኛን ከጨለማ ወደ ብርሃን ማሻገሩን ያስባል። ዝንብ እንደሚያባርር እጅ ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ ትምህርቱ ይጠፋል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ተብሎ ይጀመራል፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ይከተላሉ። ጊዜ ካለ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይጨመራል፤ ለሰባቱ ቀን ለየብቻ የተከፈለ ስለሆነ አይረዝምም። መዝሙር 50ን፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ»ን፣ በየቀኑ ማለት ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል፤ ዳዊት ወድቆ ሳለ የጸለየው ስለሆነ የወደቀ ሰው ምን ብሎ እንደሚቀርብ ቃሉን ራሱ ያቀብላል። ይህ ሁሉ ሳይጣደፉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ስግደት በአቅም ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰግዳል። በእሑድ፣ በጌታ ዐበይት በዓላት፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት አይሰገድም፤ ከቆረቡ በኋላም በዚያው ዕለት አይሰገድም። ይህን የማያውቅ ሰው በሃምሳው ስግደት ሲቀር የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ደስታውን እንዲቀበል ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ነች ቀና በል ያለችው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፤ በራስ አፍ መናገር። የተጻፈው ጸሎት አፍ ይከፍታል፤ የተከፈተው አፍ ደግሞ የራሱን ይናገር። መጀመሪያ የዛሬው ምስጋና፣ በስሙ። ከዚያ የዛሬው ጥፋት፣ በስሙ። ከዚያ ልመናው። «ሁሉን አስተካክልልኝ» የሚል ልመና ከእምነት ይልቅ ከእምነት ማነስ ይመጣል ብዬ አስባለሁ፤ ሰው በዝርዝር ያልለመነው እምቢ ብባልስ ብሎ ስለፈራ ነው። ጌታ በርጤሜዎስ ዓይነ ስውር መሆኑን እያየ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆታል። እርሱም «አይ ዘንድ» አለ። አንድ ገበሬ በግንቦት መጨረሻ እንዲህ ሊጸልይ ይችላል፦

«ጌታዬ ሆይ፣ ቀዩ በሬ ከማክሰኞ ጀምሮ ሣር አልቀመሰም። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ጥማዱ ከጎደለ መሬቱ ጦም ያድርብኛል። በሬውን አድንልኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ነገ እንዲገኝ አድርግልኝ። እንዲሞት ከሆነ ፈቃድህ ደግሞ መቀናጆ የሚሆነኝን ሰው አንተ አሳየኝ፤ ልጆቼን አታስርብብኝ።»

እዚህ ውስጥ ፍርሃቱ አለ፣ ችግሩ አለ፣ ልመናው ግልጽ ነው፣ ለፈቃዱም ቦታ ተትቷል። 1ኛ ዮሐንስ 5፥14 በእርሱ ዘንድ ያለን ድፍረት እንደ ፈቃዱ ብንለምን ይሰማናል በሚል ላይ የቆመ ነው። «ፈቃድህ ይሁን» ግን ከልመናው በኋላ ይመጣል፤ ጌታ በጌቴሴማኒ መጀመሪያ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ፣ ከዚያ «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ» አለ። ልመናውን ዋጥ አድርጎ ወደ «ፈቃድህ ይሁን» መሮጥ መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ ልብን ከአባቱ መደበቅ ነው። በሬው ያመመው ሰው ደግሞ ጸልዮ ሲያበቃ ሐኪሙን ይጠራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ሰባቱ ጊዜያት የታወቁ ናቸው፦ ጠዋት ነግህ፣ በ3 ሰዓት ሠለስት፣ በ6 ሰዓት ቀትር፣ በ9 ሰዓት ተሰዓት፣ በ11 ሰዓት ሰርክ፣ በመኝታ ጊዜ ንዋም፣ እኩለ ሌሊት ላይ መንፈቀ ሌሊት። በሬ የሚያርስ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ቢሮ የሚውል ሰው ሰባቱንም ቆሞ ሊያደርስ አይችል ይሆናል። ነግህንና ንዋምን ሙሉ አድርጎ፣ ቀትር ላይ ጥማዱ ሲፈታ ወይም ከምሳ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቢያደርስ ሦስት ይሆናል፤ ዳንኤልም በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የሚንበረከከው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው፤ ሞፈር ይዞም ሊታሰብ ይችላል። ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነ ሰው ጠዋት ኪዳን ቢያስደርስ ቀኑ ሁሉ ይስተካከላል።

ዳዊት ለሚደግም ሰው 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥሩ 15 ንጉሥ ሆኖ ተከፍሏል። ሰኞ 3 ንጉሥ፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 2፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ጀማሪ ሰው ከዚህ ክፍል ጋር እሽቅድምድም አይግጠም። ድርሻውን ለመጨረስ ሲጣደፍ ቃሉ ያመልጠዋል፤ አንድ ቀን ሲያጎድል ዕዳው ይከመርበታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተወዋል። አንድ መዝሙር አስተውሎ በየቀኑ ማለት ይሻላል፤ ከዚያ ወደ አንድ ንጉሥ ማደግ ይቻላል።

ሐሳብ መበተን የማይደርስበት ሰው የለም። ሲበተን ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ከተበተነበት ቦታ ይቀጠላል። እንደገና እየጀመሩ መድከም ጸሎቱን ቅጣት ያደርገዋል። ድምፅን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ቆሞ ከሆነ መስገድ፣ የተበተኑበትን ነገር ራሱን ወደ ልመና መለወጥ ይረዳል። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ስላለ ሐሳቡ የሚሄድበት አባት ያንኑ አንሥቶ ይጸልይበት።

መልስ ሲዘገይ

ከነናዊቱ ሴት በማቴዎስ 15 ላይ ስትጮህ መጀመሪያ የተሰጣት ዝምታ ነው። ቀጥሎ ደቀ መዛሙርቱ አሰናብታት አሉ። ቀጥሎ የልጆችን እንጀራ ይዞ ለቡችሎች መጣል አይገባም የሚል ከባድ ቃል ሰማች። አልተቀየመችም፤ «አዎን ጌታ ሆይ፤ ቡችሎች እኮ ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ» ብላ የሰማችውን ቃል ራሱን መለመኛ አደረገችው። ጌታም እምነትሽ ታላቅ ነው አላት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ዝናብ ሲለምን ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ሰባት ጊዜ ልኮታል፤ ስድስት ጊዜ ምንም የለም ተብሏል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልወጣለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ያም መልስ ነው።

መልስ ሲዘገይ በአገራችን ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው ጠንቋይ ጋ መሄድ ነው። ጠዋት ጠበል ተጠምቆ ማታ ክታብ የሚያስጽፍ ሰው ለሁለት ጌታ እየለመነ ነው፤ ያዕቆብ 1፥6-8 ሁለት አሳብ ያለው ሰው ከጌታ ዘንድ አንዳች እንዲያገኝ አይምሰለው ይላል። ወደ ግሽ ዓባይም ሆነ ወደ ሌላ ጠበል የሚሄድ ሰው ይህን በር መጀመሪያ ይዝጋ፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አውጥቶ ለካህን ያስረክብ፣ ይናዘዝ፣ ከዚያ ይጠመቅ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አያቋርጥ፤ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም።

ሁለተኛው ስለትን ዋጋ መደራደሪያ ማድረግ ነው። ስለት የተፈቀደ፣ የተወደደም ነው፤ ሐናም ተስላለች። ነገር ግን «ይህን ብታደርግልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ሲባል ልቡ ወደ ገበያ ካመራ እንደገና ሞያተኝነት ተጀመረ። ሰው በጭንቅ ሰዓት ከአቅሙ በላይ ይሳላል፤ ወይፈን የሌለው ወይፈን ይሳላል። ኋላ ሲያቅተው ያፍርና ከደብሩ ደጅ ይርቃል፤ ሊያቀርበው የነበረው ስለት አራቀው። ስለዚህ ስለት ከመሳል በፊት ያለውን መቁጠር፣ ለቤተሰብ ማማከር ያስፈልጋል፤ ሻማ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ አንድ ቀን ለነዳያን ማብላት ከወይፈን አያንስም። ከአቅም በላይ የተሳለ ካለ ዝም ብሎ ከመጥፋት ለንስሐ አባቱ ገልጦ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቅ። መክብብ 5፥4 ስእለት በተሳልህ ጊዜ ትፈጽመው ዘንድ አትዘግይ ይላልና የተለመነው ሲፈጸም የዓመቱን ንግሥ መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ በሚቀጥለው እሑድ መውሰድ ይቻላል። ዕቃ ከሆነ ለደብሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ በስም ይመዝገብ፤ ገንዘብ ከሆነ ለሰበካ ጉባኤው ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥለት።